የእጅ ጥፋት

ከዚህ በታች ጋሽ ውበቱን «እሳቸው» እያልኩ ስጽፍ አንባቢ እንደ ተራ ጨዋነት ቆጥሮ እንዳያልፈው። ለእኔ ተራ ነገር አይደለም። እዚሁ መካነ ሰላም ሰውየውን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንተ» ስላቸው ኖሬያለሁ። በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም። ፀጉራቸው ሸብቷል፣ ልጆች ድረዋል፣ የልጅ ልጅ አይተዋል። ሌላ ሽማግሌ ደጄን ሲያልፍ ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ «እንዴት አደሩ፣ አብሽሩ» የምል ሰውዬ፣ እሳቸው ሱቄ ሲገቡ እንደተቀመጥኩ «ምን ፈለግክ፣ ውበቱ?» ነበር የምለው። ከተማውም እንደዚያው ነበር። የአርባ ቀን ዕድሜ የሌለው ጢም ያበቀለ ጎረምሳ ሳይቀር አንተ ይላቸዋል። እሳቸውም ለምደውት ነበር፤ ወይም የለመዱት ይመስለኝ ነበር።

ምክንያቱን የአገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ልንገር። የጋሽ ውበቱ አባትና አያት ቀጥቃጮች ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ምሳር ይሠሩ ነበር። አገሩ በእነሱ ማረሻ እያረሰ፣ በእነሱ ማጭድ እያጨደ፣ ጠይብ ይላቸዋል፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል ይላል። በእነሱ ፊት ሕፃን ይሸፈናል፣ ወተት ይከደናል። ይህ የድሮ ነገር ነው፣ ቀርቷል የሚሉ አሉ። ስብሰባ ላይ ቀርቷል። ቤት ውስጥ ግን አልቀረም። የእኔው ልጅ ሕፃን ሳለች ጋሽ ውበቱ በበሩ ሲያልፉ እናቴ ሻርፗን ፊቷ ላይ ጣል ስታደርግ ዓይኔ እያየ ዝም ብያለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

እኔ ሙሐመድኑር ነኝ። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ የሕንጻ ዕቃ ሱቅ አለኝ፤ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ላሜራ፣ ቀለም እሸጣለሁ። የጋሽ ውበቱ መሥሪያ ቤት ከሱቄ ጀርባ ያለችው አንዲት ክፍል ናት። በወጣትነታቸው የአባታቸውን ወናፍ ትተው ደሴ ሄዱና አንድ ጋራዥ ተቀጥረው ላሜራ መቁረጥና ማጠፍ ተማሩ። ሥራ የቀየሩት ስም እንዲቀየርላቸው ነበር። ሥራው ተቀየረ፤ ስሙ ግን ተከትሏቸው መጣ።

እጃቸው ላይ የሚወጣው ዕቃ ግን ሌላ ነው። ሳጥን፣ ምድጃ፣ አሸንዳ ይሠራሉ። ከሁሉም በላይ የሚታወቁት በላሜራ ጎተራ ነው። የሰው ቁመት የሚያህል ክብ ጎተራ፣ ከላይ እህል ማስገቢያ፣ ከታች መቅጃ ያለው። እህሉ ከገባ በኋላ ውስጡ ሻማ አብርተው ይከድኑታል። ሻማው አየሩን ጨርሶ ሲጠፋ ነቀዝ የሚተነፍሰው ያጣል። ለዘር የሚቀመጥ ስንዴ ከጥር እስከ ሰኔ እንዲህ ሆኖ ሳይነካ ይከርማል። ታዲያ ይህ ሁሉ የሚሆነው መጋጠሚያው እንደ ፀጉር እንኳ ካልተከፈተ ነው። ስስ ላሜራ በብየዳ አይገጠምም፣ ይበሳል። መብራቱም ቢሆን በፈለገው ቀን እንጂ በፈለግነው ቀን አይመጣም። ስለዚህ የሚገጠመው በሪቬት ነው።

ሪቬት ትንሽ ነገር ናት። ኮፍያ ያላት አጭር ቱቦ ናት፤ በመሐሏ ሚስማር ያልፋል። ሁለቱን ላሜራ ደርበህ ትበሳለህ፣ ሪቬቷን ትከታለህ፣ የሪቬት መምቻው ሚስማሩን ከውጭ በኩል ይስበዋል። በውስጥ ያለው ጫፍ አብጦ ላሜራውን ነክሶ ይይዝና ሚስማሩ ተሰብሮ ይወድቃል። እጅ ወደ ውስጥ ማስገባት ስለማያስፈልግ ለተዘጋ ጎተራ እንደሱ ያለ የለም። ጋሽ ውበቱ ግን ያገኙትን ሪቬት አይመቱም። ብረት መሆን አለበት፤ ኮፍያው ደግሞ ሰፊ።

«ላሜራ ሲሳሳ ጨርቅ በለው» አሉኝ አንድ ቀን፣ ለምን ሰፊውን ብቻ እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው። «ትንሽ ቁልፍ ሰፊ ቀዳዳ ላይ ምን ትሆናለች? ሾልካ ታመልጣለች። ሰፊ ኮፍያ ግን ዙሪያውን ተጭኖ ይይዛል። ስንዴ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ እንዳይመስልህ፤ ከሞሉት ቀን ጀምሮ ይገፋል። ከታች ያለው መጋጠሚያ የሦስት ኩንታል ግፊት ነው የሚችለው። ለስላሳ ነገር እዛ ምን ያደርጋል?»

ሪቬት ሲመርጡ ሳይ ትዕግሥቴ ያልቅ ነበር። ካርቶኑን ባንኮኒዬ ላይ ጨርቅ አንጥፈው ይዘረግፉታል። ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጧት ማግኔት አለቻቸው፤ በክር አስረው ኪሳቸው ይዘዋት ነው የሚዞሩት። መጀመሪያ እሷን ያስጠጋሉ። ከዚያ አንዱን ሪቬት ወስደው ሁለት ቁራጭ ላሜራ ላይ ይመቱታል፣ በካቻቢቴ መሐሉ ገብተው ይፈለቅቁታል። ላሜራው ሲጣመም ሪቬቱ ከያዘ ይገዛሉ። ሪቬቱ ቀድሞ ከተሸነፈ ካርቶኑን መልሰው ይሄዳሉ።

«ሚስት እየመረጥክ ነው እንዴ፣ ውበቱ?» እላቸዋለሁ።

«ሚስትማ ካልተስማማችህ አባቷ ቤት ትመለሳለች» ይሉኛል ቀና ሳይሉ። «ይኼ ግን አንዴ ከተመታ ፍቺ የለውም።»

አምና መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ሱቄ ባዶውን ቀርቶ ነበር። ጥር ላይ በአቀስታ በኩል በመጣ ሚኒባስ ከደሴ የላኩልኝ ዕቃ ደረሰ፤ ከመሐሉ አንድ ካርቶን ሪቬት ነበረበት፣ ባለ ሰፊ ኮፍያ። ካርቶኑን ሳነሳው ቀለለኝ። እዚህ ላይ ልዋሽ አልፈልግም፤ እጄ ከድሮው ካርቶን ጋር አመዛዝኖ ቀለል ማለቱን አውቋል። ደሴ ደውዬ ለላከልኝ ነጋዴ «ብረት ነው ወይ?» አልኩት። «ብረት ነዋ፣ እንጨት መሰለህ?» ብሎ ሳቀ። ለነጋዴ እንጨት ያልሆነ ነገር ሁሉ ብረት ነው። እኔም ያንን የማላውቅ አይደለሁም። ግን መደርደሪያዬ ሦስት ወር ባዶ ሰንብቷል፤ ማመን ፈለግኩና አመንኩ።

በዚያው ቀን ጋሽ ውበቱ መጡ። ወደ ወግዲ በሚወስደው መንገድ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ላይ ያለች መንደር የሚኖሩት እትዬ አልታየች ጎተራ አዘዋቸው ነበር። እትዬ አልታየች ባላቸው የሞተባቸው ገበሬ ናቸው፤ ከልጃቸው ከሐረግና ከልጇ ጋር ይኖራሉ። የዘር ስንዴያቸው ከአውድማ ገብቶ በማዳበሪያ ጆንያ ተቀምጧል፤ አይጡም ነቀዙም ጀምሮታል።

ጋሽ ውበቱ ማግኔቷን አስጠጉ። ሪቬቶቹ እየዘለሉ ተለጠፉባት። ቀጥለው እንደ ልማዳቸው አንዱን አንስተው ወደ ቁራጭ ላሜራቸው ሲሄዱ እኔ አስቆምኳቸው።

«ኧረ ተው፣ ውበቱ። ካርቶኑ ሁለት መቶ ነው የያዘው። ጎተራው ስንት ይፈጃል?»

«ሁለት መቶ።»

«አንዱን ከሰበርክ አንድ ቀዳዳ ክፍት ቀረብህ ማለት ነው። ሌላ መቼ እንደሚመጣ አላህ ነው የሚያውቀው። ማግኔቱ ይዞት የለ?»

ሪቬቷን መዳፋቸው ላይ አገላበጧት። ከዚያ ወደ ካርቶኑ መለሷት። ያቺን አፍታ ደጋግሜ አስባታለሁ። አንዲት ሪቬት ነበር የሰሳሁት።

ላሜራውን በአህያ አስጭኜ አብሬያቸው ሄድኩ። እትዬ አልታየች ደጃፍ ላይ ሆነው የልጅ ልጃቸውን ይሄነውን ታቅፈው ነበር፤ ኅዳር የተወለደ ነው፣ ያኔ ገና የሁለት ወር። ከሩቅ ሲያዩን የነጠላቸውን ጫፍ ፊቱ ላይ ጣሉበት። «አንተ፣ በጓሮ በኩል ዙርና እዛ ሥራ» አሏቸው። ጋሽ ውበቱ ዞሩ። ሥራቸውን የሠሩት ፊታቸውን ወደ ድንጋይ ካቡ፣ ጀርባቸውን ወደ ቤቱ አድርገው ነው። በየሰው ግቢ እንዲያ እንደሚሠሩ ያኔ ነው ልብ ያልኩት። ሰው ሳይነግራቸው ራሳቸው ጀርባ ይሰጣሉ፤ ባለቤቱ እንዳይሳቀቅ። ፀሐይ ከፊት እየመታቸው እንኳ አይዞሩም። ላሜራ ይዤላቸው ዋልኩ። ጎተራው አልቆ ስንዴው ሲገባ፣ ሻማው በርቶ ሲከደን፣ እትዬ አልታየች ከሩቅ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ።

የበልግ ዝናብ መጣ፣ ሄደ። ሰኔ ሲገባ እትዬ አልታየች ዘር ሊያወጡ መቅጃውን ከፈቱት። የወጣው ስንዴ አይደለም፤ ሽታ ነው። የታችኛው መጋጠሚያ ተከፍቶ የወለሉን እርጥበት ሲስብ ከርሟል። ከሦስቱ ኩንታል ሁለቱ ጠቁሮ፣ ጓጉሎ፣ ነቅዞ ነበር። ሊዘሩ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው የዘራቸው ሁለት እጅ ጠፋ። በዚያው ሳምንት ይሄነው ታመመ፤ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ጡት አልይዝ አለ።

ወሬው ከዚያ መንደር መካነ ሰላም ለመድረስ አንድ የገበያ ቀን በቃው። ስለ ሪቬት የጠየቀ፣ ስለ እርጥበት ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። ጎተራውን ያየው ማን ነው? ውበቱ። እዚያ ቤት ሕፃን እንዳለ ያየው ማን ነው? ውበቱ። ዓይን ነው ተባለ፣ አለቀ። የእትዬ አልታየች የባል ወንድም የሆነው ዋለ ደግሞ ከዚያም አለፈ። ውበቱ ከቅሬው ይውጣ አለ።

ቅሬ ማለት እኛ አገር ሙት የሚቀብረው፣ ሐዘን የሚያስተዛዝነው ማኅበር ነው። የእኛ ቅሬ ክርስቲያኑንም እስላሙንም፣ ከተማውንም በዙሪያው ያለውን ገጠርም ይዟል። ከቅሬ የወጣ ሰው ሲሞት ጉድጓድ የሚቆፍርለት፣ ቃሬዛ የሚሸከምለት የለም። ዋለ የጠየቀው እንግዲህ ይህንን ነው። ጋሽ ውበቱ አርባ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሬሳ ሲሸከሙ ኖረው የራሳቸው ሬሳ ሜዳ ላይ እንዲቀር። ጉዳዩ ለእሁድ ተቀጠረ።

ዓርብ ጠዋት ጋሽ ውበቱ ሱቄ ገቡ። ከስተዋል። እትዬ አልታየች ቤት ሄደው፣ አልገባም ብለው በካቡ በኩል ጎተራውን እንዲያሳዩዋቸው ለምነው፣ ከሥሩ የወደቀውን ለቅመው መምጣታቸው ነው። ጨርቃቸውን ባንኮኒው ላይ ፈቱት። ተገንጥለው የወደቁ የሪቬት ኮፍያዎች ነበሩበት። ማግኔቷን አስጠጉ። አንዱም አልተነቃነቀም።

«አልሙኒየም» አሉ።

አንዱን አንስቼ አገላበጥኩት። «በጥር ግን ይዞት ነበር እኮ!»

«ማግኔቷ የያዘችው ሚስማሩን ነበር። ሚስማሩ ብረት ነው። ግን እሱ ሥራውን ጨርሶ ተሰብሮ የሚወድቅ ነው። ጎተራው ላይ የሚቀረው ቱቦውና ኮፍያው ነው፤ እሱ አልሙኒየም። አንዷን መትቼ ብሞክራት ኖሮ ያን ቀን ትነግረኝ ነበር።»

ደሴ ያለው ነጋዴ ብረት ነው ብሎኝ ነው፣ መንገዱ ተዘግቶ ነው፣ ምናምን ብዬ ቀባጠርኩ። ካርቶኑ ቀሎኝ እንደነበር ግን አልወጣኝም። እሳቸው እጃቸውን አወዛወዙ። «አልወቀስኩህም» አሉ። ቀና ስል ፊታቸው ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም። ደስ ብሏቸው ነበር። የገዛ ጥፋቱን አግኝቶ ደስ የሚለው ሰው በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።

«እኔም ራሴን ጠርጥሬ ነበር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የጎተራውን ወሬ ስሰማ፣ ሕፃኑ ታመመ ሲሉ፣ ቤቴ ገብቼ መስታወት አወጣሁና ዓይኔን አየሁት። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሙሐመድኑር። ምናልባት እውነታቸውን ይሆን እንዴ አልኩ። ሰው በነገር ሲከሰስ ይከራከራል። ዓይን ምን ብሎ ይከራከራል? ሌላው ሰው ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ይምላል፤ እኔ እንደዛ ብል ይሳቅብኛል።» ከኮፍያዎቹ አንዱን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ይኼ ግን የእጅ ነው። እጅ ይስታል። የማንም ሰው እጅ።»

ጨርቃቸውን ቋጥረው ወጡ። እሁድ አብረኸኝ ቁም አላሉኝም። ባለመለመናቸው እፎይ አልኩ፤ እፎይ ማለቴ ደግሞ ራሴን አስጠላኝ። የተበላሸ ዕቃ ሸጠ ከተባልኩ ማን ሱቄ ይመጣል? ለባለቤቴ ለፈይዛ ቀስ ብዬ ነገርኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቢላውን አስቀመጠችው።

«ሰውየው መቀበሪያ ሊያጣ ነው፤ አንተ ለሱቅህ ትፈራለህ?» አለችኝ። «ወላሂ አፍሬብሃለሁ።» እስከ እሁድ አላናገረችኝም።

እሁድ ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። የቅሬው ዳኛ አቶ አራጌ ናቸው፤ ቁጥብ፣ ሰው የሚሰማቸው ሽማግሌ። ዋለ ተነስቶ ነገሩን ዘረዘረ። ክፉ ሰው አይደለም ዋለ፤ የወንድሙ ቤት እህል ጠፍቶበታል፣ ፈርቷል። ንግግሩን ሲጨርስ ግን «እኛም ልጆች አሉን» አለ፤ በሴቶቹ በኩል ጉርምርምታ ተነሳ። እትዬ አልታየች ሕፃኑን ታቅፈው ጥግ ተቀምጠዋል። አቀርቅረው ነበር።

ጋሽ ውበቱ ተነሱ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ጨርቁን አቶ አራጌ ፊት ሳር ላይ አነጠፉ።

«ዋለ፣ ና አንተው ያዘው» ብለው ማግኔቷን ሰጡት። «እኔ ብይዘው ሌላ ነገር ትላላችሁ።»

ዋለ አመነታና ተቀበለ። ጋሽ ውበቱ ቀጠሉ፤ «ይኼኛው ከድሮ ጎተራ ጥገና የቀረ የሪቬት ኮፍያ ነው። አስጠጋበት።» ኮፍያው ጠቅ ብሎ ተለጠፈ። «እነዚህ ደግሞ ከአልታየች ጎተራ የወደቁ ናቸው። አስጠጋ።» ዋለ አስጠጋ። እንደገና አስጠጋ። በጣቱም ነካካቸው። ምንም የለም።

«የመጀመሪያው ብረት ነው። ይኼ አልሙኒየም ነው፣ ለስላሳ። ለሳጥን ይሆናል፤ ሦስት ኩንታል ስንዴ ለሚገፋው መጋጠሚያ አይሆንም። ሳይይዝ ቀርቶ ተገነጠለ፣ መጋጠሚያው ተከፈተ፣ እርጥበት ገባ። ሳይሞከር አይመታም ነበር። ሳልሞክር መታሁት።» «አጥፍቻለሁ። እህሉን ከቤቴ እተካለሁ። ጥፋቱ ግን የእጄ ነው፤ የዓይኔ አይደለም። በእጄ ክሰሱኝ። በእጄ ከከሰሳችሁኝ የፈረዳችሁትን እቀበላለሁ።»

አቶ አራጌ ኮፍያውን አንስተው አገላበጡት። «ይኼን ከየት ገዛኸው?» አሉ።

«ከሱቅ።»

«ከየትኛው ሱቅ?»

«ሱቅ ሪቬት አይመታም፣ አቶ አራጌ። የመታሁት እኔ ነኝ።»

ወደ እኔ አላዩም። አንዴ እንኳ ገልመጥ አላሉም። ቢያዩኝ ኖሮ ተገድዶ ተናገረ እንዳልባል ምናልባት ዝም እል ነበር። ተነሳሁ።

«ከእኔ ነው» አልኩ። «ካርቶኑን ሳነሳው ቀሎኝ ነበር፤ አውቄ ዝም አልኩ። ጋሽ ውበቱ ሊሞክሩት አንዱን አንስተው ነበር። እንዳይሞክሩት የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። የእሳቸው ጥፋት እኔን ማመናቸው ነው።» ከዚያ ወደ እሳቸው ዞርኩ። ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሽ ውበቱ፣ ይቅር ይበሉኝ። ይቀመጡ፤ መቆም ያለብኝ እኔ ነኝ» አልኩ።

«ይቀመጡ» የሚለው ቃል ሜዳውን ሲያቋርጥ ሰው ሁሉ ከሪቬቱ ይልቅ በእሱ ደነገጠ። ጋሽ ውበቱ ለማን እንዳልኩት ለማየት ይመስል ዞር ብለው ወደ ኋላቸው ተመለከቱ። አላህ ያሳያችሁ። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ሌላ ሰው ከኋላቸው የቆመ መሰላቸው።

አቶ አራጌ ብዙ አላስቆሙን። ውበቱ ከቅሬው አይወጣም፤ የዘሩን ስንዴ ሠሪውና ሻጩ እኩል ይተኩ ብለው ፈረዱ። ግማሹ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሲበተኑ ግን ዋለ ማግኔቷን እየመለሰ «እህሉስ ይሁን፤ ሕፃኑስ?» አለ። ሰው ያንን ጥያቄ ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሄደው፤ ጋሽ ውበቱም ጭምር።

ማክሰኞ ስንዴውን አስጭነን ጎተራውን ልንጠግን ሄድን። አቀስታ ካለ ባለሱቅ ብረት ሪቬት አስመጥቼ ነበር። በዚህ ጊዜ እሳቸው ሳይጠይቁኝ አንዱን ራሴ መትቼ በካቻቢቴ ፈለቀቅኩት። ላሜራው ተጣመመ፤ ሪቬቱ ያዘ። «አሁን ገባህ» አሉኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብለው።

እሳቸው እንደ ልማዳቸው በጓሮ ዞሩ፣ ፊታቸውን ወደ ካቡ አደረጉ፣ መሥራት ጀመሩ። ሪቬቱ ሲመታ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። እኩሌታው ላይ ስንደርስ እትዬ አልታየች በጓሮው በር ብቅ አሉ። ይሄነውን ታቅፈዋል፤ ደህና ሆኗል፣ ዓይኑ በርቷል። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ነው እንጂ የሕፃኑ ፊት ላይ አልነበረም። ረሱት ብዬ ደነገጥኩ።

«እሁድ መናገር ነበረብኝ» አሉ፣ ቆመው። «ይኼ ልጅ የታመመው በእኔ ነው። ሐረግ ገበያ ስትውል ከምንጩ ቀድቼ ሳላፈላ አጠጣሁት። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ጠይቃኝ ነገርኳት፤ እሱ ነው አለችኝ። ሰው ዓይን ነው ሲል አፍሬ ዝም አልኩ። ለዋለ ትናንት ነገርኩት። ለቅሬውም እናገራለሁ። የእኔም የእጄ ነው።»

ጋሽ ውበቱ መምቻውን እንደያዙ ቆሙ። አልዞሩም። ጀርባቸው ብቻ ከፍ ዝቅ ይል ነበር።

እትዬ አልታየች ጠጋ አሉ። «ስንዴውን ወደ ውስጥ ላስገባ፤ ዝናብ ሊመጣ ነው» አሉ። «ጋሽ ውበቱ፣ እስቲ ይኼን ልጅ ያዙልኝ።»

ጋሽ ውበቱ መምቻውን አስቀመጡ። እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉ፣ ደጋግመው ጠረጉ። ሕፃኑን ተቀበሉት። አያያዛቸው ብዙ ልጅ ያሳደገ ሰው አያያዝ ነው። ፊታቸው ግን አሁንም ወደ ካቡ ነበር፤ ልጁን ደረታቸው ላይ አድርገው ድንጋዩን ያያሉ። ሕፃኑ ጢማቸውን ጎተተ። እሳቸው ድንጋዩን ያያሉ።

እትዬ አልታየች ጆንያውን ሊያነሱ ጎንበስ ብለው የነበሩት ቀና አሉ።

«ይዩት እንጂ» አሏቸው።

አዩት።